ስለ ካሴት ቤት አስቂኝ ፊልም ሠራሁ፤ ከቀረጻው ሁሉ የከበደኝ ግን የአንድ ዘፈን ፈቃድ ነው

ጎንደር ውስጥ ሙዚቃ ያለበት ፊልም ለመሥራት ያሰበ ሰው ካለ፣ ካሜራና ተዋናይ ከመፈለጉ በፊት የዘፈኑን ባለመብት ይፈልግ። ለእኔ ይህን የነገረኝ አልነበረም። የሚመለከታቸው ሰዎች የነገሩኝ እንዲያውም ተቃራኒውን ነው።

ፊልሙ ፒያሳ ላይ በአንዲት ጠባብ ክፍል የራሱን ካሴት ማሳተም ስለ ጀመረ ሰው የሚያወራ አስቂኝ ታሪክ ነው። የአዲስ አበባ ሙዚቃ ቤቶች አዝማሪዎቹን እያባበሉ ይወስዱበታል። እሱ በብርድ ልብስ በተጋረደ ጓዳ ሲቀርጽ የጎረቤት አውራ ዶሮ ይጮህበታል፣ የደብሩ ደወል ይደወልበታል፤ መብራት ሲጠፋም ቴፑ ቆሞ ማሲንቆው ብቻውን ይቀጥላል። በካሴት ዘመን የኖረ ሰው አንዱንም ትዕይንት ፈጠራ ነው አይልም።

ገጸ ባሕርዩን ስጽፍ በልቤ የነበሩት የአዲስ አበባው ሙዚቃ አሳታሚ አምኃ እሸቴ ናቸው። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በንጉሡ ዘመን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምኃ ግን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ያንን ጥሰው ዓለማየሁ እሸቴን በሸክላ አሳተሙ፤ ሸክላውም ውጭ አገር ታትሞ ገባ። በ1975 አገር ጥለው እስኪወጡ ድረስ 100 ያህል ትንንሽ ሸክላዎች አወጡ። የአንድ ሙዚቃ ቤት ባለቤት ድፍረት የአንድን ዘመን ድምፅ ከመጥፋት እንዳዳነ ሳስብ፣ እንዲህ ያለ ሰው ጎንደር ላይ ቢኖር ምን ይገጥመው ነበር የሚለው ጥያቄ ታሪኩን ወለደው።

ጽሑፉ በአንድ ክረምት አለቀ። ተዋናዮቹ የከተማችን የቲያትር ልጆች ናቸው። ካሜራና መብራት ተከራዩ እንጂ አትግዙ። ፋሲል ግቢ ውስጥ ለመቅረጽ ቀደም ብላችሁ በደብዳቤ ጠይቁ፤ በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ስለሆነ ጥንቃቄው ተገቢ ነው። ጥምቀት ሰሞን ቀረጻ አትያዙ፤ ማደሪያም መንገድም አታገኙም። እስከዚህ ድረስ ያለው ሥራ ትዕግሥት ላለው ሰው አያስቸግርም።

መከራው የመጣው ከአንድ ትዕይንት ነው። ቀኑን ሙሉ ሲጣላ የዋለው ሰው ሁሉ ማታ ካሴት ቤቱ ውስጥ ተፋፍጎ ሳለ ባለቤቱ አንድ አሮጌ ካሴት ይከፍታል፤ ሁሉም ዝም ይላል። ፊልሙን ስጀምር ለዚህ ትዕይንት የተመኘሁት የአንድ ሟች አዝማሪ ድምፅ ነው። በልጅነቴ በአባቴ ቴፕ የሰማሁት፣ ዜማው ዛሬም በየሠርጉ የሚዜም ነው።

ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄጄ ጠየቅሁ። ባለሙያው አዳምጠውኝ፣ «ይህ እኮ የሕዝብ ዜማ ነው፤ ባለቤት የለውም። ተጠቀምበት» አሉኝ። ይህንኑ በደብዳቤ ይስጡኝ ብላቸው «ለማያስፈልግ ነገር ደብዳቤ አይጻፍም» ብለው መለሱልኝ። ከዚያ ቅዳሜ ገበያ በርበሬ የምትሸጠውን የአዝማሪውን ልጅ አፈላልጌ አገኘኋት። «የአባቴ ድምፅ እንደገና ይሰማልኝ እንጂ እኔ ምን ከፋኝ» ብላ እያለቀሰች ፈረመችልኝ። ተቀረጸ፣ ተቀናበረ፣ አዳራሹም ተያዘ።

ለምርቃቱ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ከአንድ ሙዚቃ ቤት ደብዳቤ መጣ፤ «ቅጂው የእኛ ንብረት ስለሆነ ፊልሙ እንዳይታይ» ይላል። የአዳራሹ ኃላፊ ደብዳቤውን እንዳዩ በሩን ዘጉት። ወደ ባለሙያው ተመለስሁ። «እኔ የሰጠሁህ የቃል አስተያየት ነው» አሉ። አሁንም ስጽፈው ደሜ ይፈላል። ቃላቸው አስተያየት ብቻ ከሆነ በዚያ ወንበር ተቀምጠው ለሚጠይቃቸው ሁሉ ለምን እንደ ውሳኔ ይናገሩታል? ወደ ሌላ ቢሮ መሩኝ። ያኛው ቢሮ ጉዳዩ የፌዴራል ነው ብሎ ወደ አዲስ አበባ ላከኝ። አዲስ አበባ ያገኘኋቸው ሠራተኛ ደግሞ «እኛ ሥራ እንመዘግባለን፤ ክርክር ፍርድ ቤት ነው፤ ወይም ተስማሙ» አሉኝ። ደብዳቤዬን በአግባቡ አንብቦ የት እንደምሄድ በቅንነት የነገረኝ በስተመጨረሻ ያገኘሁት አንድ ጠበቃ ብቻ ነው።

ያ ጠበቃ ያስረዳኝን ማንም ባለሙያ በአሥር ደቂቃ ሊነግረኝ ይችል ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአንድ ዘፈን ላይ የተለያዩ መብቶችን ያውቃል። ግጥሙና ዜማው የደራሲዎቹ ናቸው፤ መብታቸው በሕይወት ዘመናቸውና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ዘፋኙ ከዋኝ ተብሎ የራሱ መብት አለው። ድምፁን ቀርጾ ያሳተመውም ሌላ መብት አለው፤ የእነዚህ የሁለቱም 50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ዜማው የሕዝብ ቢሆንም ያ ካሴት ላይ ያለው ቅጂ የሕዝብ አይደለም። ልጅየዋ የፈረመችው የአባቷን ድርሻ እንጂ የአሳታሚውን አይሸፍንም። ባለሙያው «ባለቤት የለውም» ያሉት ነገር ከአንድ በላይ ባለመብት ነበረው።

አሳታሚውን በስልክ አገኘኋቸው። የጠየቁኝ ገንዘብ ፊልሙ ከፈጀው ይበልጣል። ለአዝማሪው ስንት እንደ ከፈሉ ብጠይቅ፣ በቁርጥ አንድ ጊዜ ከፍለን ጨርሰናል አሉ። እኔን የቆጨኝ የዋጋው መብዛት ብቻ አልነበረም። ገንዘቡን ብከፍል እንኳ ከዚያ ውስጥ ቤሳ ቤስቲን ወደ ቅዳሜ ገበያ አትሄድም።

ትዕይንቱን አወጣሁና እንደገና ልቀርጸው ቆረጥሁ። በአዝማሪዎቿ ከምትታወቀው ከቡርቧክስ አንድ አረጋዊ አዝማሪ አመጣን። ታሪኩን ከሥር ከመሠረቱ ነገርኳቸው፤ የሟቹን ነገር፣ የካሴቱን ነገር፣ የልጅየዋን ነገር። ዝም ብለው ሰሙኝ፤ የማሲንቋቸውን ጭራ ወጠሩ፣ ወደ ትዝታ ቃኙ፤ ካሜራው መዞር ሲጀምር ማንም ያልጻፈላቸውን እንዲህ አሉ፦

ድምፄን ወሰደና በካሴት ላይ አስሮ፣
እሱ ቤት ሠራበት፣ እኔ በሰው ጓሮ።

ተዋናዩ ከጽሑፉ ወጥቶ «ድገሙት!» ብሎ ጮኸ፤ ደገሙት። ፊልሙ ውስጥ የቀረው ይኸው ነው። ተመልካቹ ሲስቅ ቆይቶ እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁን ያጠፋል፤ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የምኮራበት ይህ ነው።

ጠበቃው ያሳየኝ ሌላም ነገር አለ። አዋጁ አንድን ሥራ የሚጠብቀው አዲስ ፈጠራ ከሆነና በጽሑፍ ወይም በቅጂ ግዙፍነት ካገኘ ነው። ለጥበቃው ምዝገባ ግዴታ አይደለም። አዝማሪ ደግሞ እንግዳ ፊት ቆሞ፣ ሰው «ተቀበል» እያለ ግጥም ሲያቀብለው እየተቀበለ፣ የራሱንም እየጨመረ የሚኖር ባለሙያ ነው። ያልተቀረጸ ስንኙን ማንም ሰምቶ ሊወስደው ይችላል። የእርሳቸው ስንኝ ሥራ ሆኖ ሊጠበቅላቸው የቻለው የእኔ ማይክሮፎን ስለ ያዘው ነው፤ የያዝሁት እኔ ስለሆንሁም ያንን በወረቀት ማስፈር የእኔ ዕዳ ነበር። ውሉን በአማርኛ ጽፈን፣ ድምፅ ከፍ አድርገን አነበብንላቸው። ከፊልሙ ጽሑፍ ያቀበልናቸው ግጥም የእኛ፣ ከራሳቸው ያፈለቁት የእርሳቸው ሆነ፤ ፊልሙ በቴሌቪዥን ቢሸጥ ወይም በዲቪዲ ቢወጣ እንደገና ይከፈላቸዋል። ይህን የሰሙ አንድ ኃላፊ «ለአዝማሪ ውል ምን ያደርጋል፤ ግንባሩ ላይ ብር ከለጠፍህለት ይበቃል» አሉኝ። ሽልማት የአድማጭ ደስታ ነው፤ ደመወዝን አይተካም። አዝማሪ የሚያዝናና ተላላፊ መንገደኛ ነው ብሎ ማሰብ ካልቀረ ጎንደር በሙዚቃዋ መኩራቷን ብትተው ይሻላል።

ስለዚህ ቢሮው የሚለውን ትታችሁ የምላችሁን ስሙ። ከዜማው በፊት ካሴቱን ማን እንዳሳተመው አጣሩ፤ ሽፋኑ ላይ የታተመውን የሙዚቃ ቤት ስም ፎቶ አንሡ። የቃል ፈቃድ ፈቃድ አይደለም፤ ደብዳቤ የከለከላችሁን ባለሙያ በራሳችሁ ማመልከቻ ጠይቃችሁ ማመልከቻውን መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን አስደርጉበት፣ ግልባጩን ያዙ። ከቻላችሁ አሮጌ ቅጂ አትንኩ፤ የሕዝቡን ዜማ በሕይወት ላለ አዝማሪ አዘምሩት፣ በጀታችሁም ውስጥ ለዚህ ከካሜራ ኪራይ ቀድሞ ገንዘብ መድቡ። ቤተሰብ ሲፈርምላችሁ ሌሎቹ ወራሾች እነማን እንደሆኑ ጠይቁ። ውሉ በሦስት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ በአዝማሪው እጅ ይቅር። ምስክሮች ከእናንተ ወገን ብቻ እንዳይሆኑ፤ ከእርሱ መንደርም ይምጡ።

የሟቹ ድምፅ ፊልሙ ውስጥ አለመኖሩ ዛሬም ያንገበግበኛል። ዋናው ቴፕ ያሳታሚው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ በእርጥበት ይሻግታል፣ ማግኔቱ ይረግፋል፣ ልጁም እንኳ የምትሰማው ቅጂ የላትም። የድሮ ቴፕ በእጃችሁ ያለ አሳታሚዎች ሆይ፣ ቴፑን ወደ ኮምፒውተር አስገቡት፤ ፊልም የሚሠራ ሰው ሊከፍለው የሚችል ዋጋ ቁረጡና በግልጽ አስታውቁ፤ ከዚያም ላይ የዘፋኙን ቤተሰብ ድርሻ ለዩ። በዚያ ዋጋ የምከፍል አንዱ እኔ ነኝ።