ኮሌስትሮል የሚቀንሰው በጉበት በኩል ነው

«ኮሌስትሮልህ ከፍ ብሏል» የተባለ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «የትኛው?» ብሎ ነው። የውጤት ወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ አራት ቁጥሮች አሉ፦ ጠቅላላ ኮሌስትሮል፣ ኤል ዲ ኤል (መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል)፣ ኤች ዲ ኤል (ጥሩ የሚባለው) እና ትራይግሊሰራይድ (በደም ውስጥ ያለ ሌላ የስብ ዓይነት)። ጠቅላላው ብቻውን ብዙ አይናገርም። በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየገባ የሚከማቸው በዋናነት ኤል ዲ ኤል ስለሆነ ዓይንዎ እሱ ላይ ይሁን።

መለኪያውንም ልብ ይበሉ። በሚሊሞል በሊትር የተጻፈ ኮሌስትሮል በ38.67 ሲባዛ ወደ ሚሊግራም በዴሲሊትር ይለወጣል፤ ትራይግሊሰራይድ ግን በ88.57 ነው የሚባዛው። ብዙ ቤተ ሙከራዎች ደግሞ ኤል ዲ ኤልን በቀጥታ አይለኩትም። ቁጥሮቹ በሚሊግራም በዴሲሊትር ሲሆኑ ከጠቅላላው ላይ ኤች ዲ ኤልን እና የትራይግሊሰራይድን አንድ አምስተኛ ቀንሰው ያሰሉታል። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ሚሊግራም ሲያልፍ ይህ ስሌት አይታመንም፤ ያኔ ከጠቅላላው ላይ ኤች ዲ ኤልን ብቻ ቀንሶ የቀረውን መመልከት ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በደማችን ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል አብዛኛው ከምንበላው ኮሌስትሮል አይደለም የሚመጣው፤ ሰውነት ራሱ ይሠራዋል። ኤል ዲ ኤልን ከደም ለቅሞ የሚያስወግደው ደግሞ በዋናነት ጉበት ነው፤ ለዚህ ሥራ በሴሎቹ ላይ መቀበያዎች አሉት። መቀበያዎቹ ሲበዙ ኤል ዲ ኤል ይወርዳል፤ ሲያንሱ ደም ውስጥ ይቆያል። «ይህ ነገር ኮሌስትሮል ይቀንሳል» የሚል ምክር ሲሰሙ ጉበት ላይ ምን እንደሚያደርግ ይጠይቁ። የሎሚ ውሃ፣ ደም ያጥባል የሚባል ሻይ፣ ቅባት ያቀልጣል የሚባል ኮምጣጤ እዚህ ፈተና ላይ ይወድቃሉ። ነጭ ሽንኩርት ጥቂት ይሠራል፣ ግን በጣም ጥቂት።

የጉበትን መቀበያዎች የሚያሳንሰው ሳቹሬትድ የሚባለው ስብ ነው፤ በክፍል ሙቀት የሚረጋው ዓይነት። በቀን 2,000 ካሎሪ የሚመገብ ሰው ኤል ዲ ኤሉን ለመቀነስ ከዚህ ስብ ከ13 ግራም ገደማ ባያልፍ ይመከራል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 7 ግራም፣ አንድ ማንኪያ የኮኮናት ዘይት ደግሞ 12 ግራም ገደማ ይዟል። «ከእጽዋት የተገኘ ነው» የሚለው ጽሑፍ ብዙ ሰው ያታልላል፤ የፓልም ዘይትም ከቅቤ ብዙ አይርቅም። የሱፍ ወይም የወይራ ዘይት በማንኪያ 2 ግራም ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ማሸጊያው ላይ «በከፊል ሃይድሮጂን የተጨመረበት» የሚል ካዩ ጨርሶ አይግዙት፤ በውስጡ ያለው ትራንስ ፋት የሚባለው ስብ ኤል ዲ ኤልን ከፍ አድርጎ ኤች ዲ ኤልንም ያወርዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቦታ ይህ ነው፦ ቅቤውን ይተዋል፣ ግን ቦታውን በነጭ ዳቦ፣ በስኳርና በጣፋጭ መጠጥ ይሞላዋል። ያኔ ትራይግሊሰራይድ ይወጣል፣ ኤች ዲ ኤል ይወርዳል፣ ሰውየውም «ምግብ ማስተካከል አይሠራም» ይላል። መቀነሱ ብቻ አይበቃም፤ በፈሳሽ ዘይት፣ በለውዝ፣ በባቄላና በምስር መተካት አለበት። እንቁላልን በተመለከተ የሚፈራውን ያህል አይደለም፤ ከአስኳሉ ይልቅ የተጠበሰበት ስብ ነው በብዛት የሚጎዳው።

ሁለተኛው ጠቃሚ ነገር የሚሟሟ ፋይበር ነው፣ ይህም የሚሠራው በጉበት በኩል ነው። ጉበት ሐሞትን የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነው፤ ሐሞቱ አንጀት ውስጥ ሥራውን ሲጨርስ ተመልሶ ይመጠጣል። አጃና ገብስ ውስጥ ያለው ዝልግልግ ፋይበር ግን ይዞት ይወጣል። ጉበት የጎደለውን ሐሞት ለመተካት ከደም ኮሌስትሮል ይስባል። ለዚህ ከዚህ ፋይበር (ቤታ ግሉካን ይባላል) በቀን 3 ግራም ያስፈልጋል፤ ይህም ከ75 እስከ 80 ግራም ደረቅ አጃ ማለት ነው። በየቀኑ ከተበላ ኤል ዲ ኤልን ከ5 እስከ 7 በመቶ ገደማ ያወርዳል። አንዳንድ ጊዜ ብቻ የሚበላ አንድ ሳህን አይቆጠርም። ሳይሊየም የሚባለው ልጣጭም በቀን ከ7 እስከ 10 ግራም ሲወሰድ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። በግማሹ ይጀምሩ፣ አለዚያ ሆድ ይነፋል። ከሙሉ ብርጭቆ ውሃ ጋር ይውሰዱት፤ ውሃ ካነሰ ጉሮሮ ላይ አብጦ ሊያንቅ ይችላል። ከመድኃኒት ጋርም ቢያንስ 2 ሰዓት ያራርቁት።

ብዙዎች የማያስቡት ሌላ ነገር ቡና ነው። ተፈልቶ በወረቀት ሳይጣራ የሚጠጣ ቡና ካፌስቶል የሚባል ቅባት ስላለበት ኤል ዲ ኤልን ከፍ ያደርጋል። የወረቀት ማጣሪያ አብዛኛውን ያስቀረዋል። በቀን ብዙ ስኒ የሚጠጡ ከሆነ በወረቀት ማጣራት ብቻውን ልዩነት ያመጣል።

እንቅስቃሴ፣ ክብደት መቀነስና አልኮል መተው ከኤል ዲ ኤል ይልቅ ትራይግሊሰራይድን ነው በደንብ የሚያወርዱት። ሲጋራ ማቆም ኤች ዲ ኤልን ያሻሽላል። ሁሉም ለልብ ይጠቅማሉ፤ ግን በእግር ጉዞ ብቻ ኤል ዲ ኤል በግማሽ ይወርዳል ብሎ መጠበቅ ተስፋ ያስቆርጣል።

ስታቲን የሚባለው ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት ሲታዘዝ ብዙ ሰው ይፈራል። መድኃኒቱ የሚያደርገው ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን መንገድ መዝጋት ነው፤ ጉበትም ሲጎድለው መቀበያዎቹን ያበዛል። ከስታቲኖች አንዱ የሆነው አቶርቫስታቲን በቀን 10 ሚሊግራም እንኳ ኤል ዲ ኤልን ከአንድ ሦስተኛ በላይ ያወርዳል። ከዚያ በኋላ መጠኑን በእጥፍ ማሳደግ የሚጨምረው 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሐኪሞች አንዳንድ ጊዜ ኢዜቲማይብ የሚባል ሁለተኛ መድኃኒት ይደርባሉ። ሲምቫስታቲን ማታ ይወሰዳል፤ አቶርቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን በማንኛውም ሰዓት ይቻላል። ክላሪትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ሲታዘዝልዎ ስታቲን እንደሚወስዱ ይናገሩ። እርግዝና ካለ ወይም ከታሰበ አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። የጡንቻ ሕመም ሲመጣ ሁልጊዜ ጥፋተኛው መድኃኒቱ አይደለም፤ በሙከራዎች ባዶ ክኒን የወሰዱትም በተቀራራቢ መጠን ሕመም ተሰምቷቸዋል። ሆኖም ሕመሙ ከበረታ ወይም ሽንት ከጠቆረ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ትልቁ ስህተት ግን ቁጥሩ ሲወርድ «ድኛለሁ» ብሎ ማቆም ነው። መድኃኒቱ ሲቆም ጉበት ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ ቁጥሩም በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይወጣል።

ድጋሚ ምርመራው ሕክምና ከተጀመረ ወይም ከተለወጠ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ይሁን። ከከባድ ሕመም ማግስት አይለኩ፤ ሕመም ቁጥሩን ለጊዜው ስለሚያወርደው ያሳስታል። ሁሉንም በትክክል እያደረጉ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ የታይሮይድ፣ የኩላሊትና የስኳር ምርመራ ይጠይቁ። በተለይ የታይሮይድ እጢ ሥራ መዳከም የጉበትን መቀበያዎች ስለሚያሳንስ፣ እሱ ሳይታከም አጃውም ሆነ ዘይቱ የሚገባውን ያህል አይሠራም። ኤል ዲ ኤል 190 ሚሊግራም በዴሲሊትር እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ በዘር የመጣ ሊሆን ይችላል። ከ250 ሰው አንዱ ገደማ መቀበያዎቹ ከመወለዱ ጀምሮ ጎድለውበታል። እንዲህ ላለው ሰው ምግብ ብቻውን አይበቃም፤ ወንድሞቹ፣ እህቶቹና ልጆቹም ሊመረመሩ ይገባል።