እንኳን ለስግድ አደረሳችሁ፤ ስለ ኤሊ ዳሳና ስለ ቀኝ መስመር

ወዳጆቻችን፣ እንኳን ለስግድ በዓል በሰላም አደረሳችሁ! አስተስርዮ (ዮም ኪፑር) በዋለ በ50ኛው ቀን እነሆ ደረስን። ቄሶቻችን በባለቀለም ጃንጥላ ሥር ኦሪቱን ይዘው ኢየሩሳሌም፣ አርሞን ሃናጺቭ ላይ ይቆማሉ፤ ሕዝቡም ጾሙን ይዞ ይሰግዳል። አባቶቻችን ቤተ እስራኤላውያን በጎንደር ተራሮች ላይ ሲያከብሩት የኖሩት ይህ በዓል በእስራኤል በሕግ የታወቀው በ2008 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምንጽፈው)።

ዘንድሮ በስግድ ስሙን ልናነሳ የወደድነው የእግር ኳስ ተጫዋቹን ልጃችንን ኤሊ ዳሳን ነው። በ1992 ኔታንያ ውስጥ ከኢትዮጵያ ከመጡ ወላጆች ተወለደ። ከእሱ በፊት ኢትዮጵያ የተወለደው ባሩክ ደጎ በአማካይ ቦታ መንገዱን ጠርጎ ነበር። ዳሳ ግን የቀኝ መስመር ተከላካይ ነው፤ ተከላካይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳው ሲሳሳት ነው። በዚህ ቦታ እየተጫወተ ከቤተ እስራኤል የመጀመሪያው የእስራኤል ብሔራዊ ቡድን አምበል መሆኑ ደስታችንን እጥፍ ያደርገዋል።

ከቤታር ኢየሩሳሌም በ2015 ወደ ማካቢ ቴል አቪቭ ተዛወረ። በ2019 የሊጉን ዋንጫ አንስቶ በዚያው ዓመት ኔዘርላንድስ፣ አርንሄም ወዳለው ቪተስ ክለብ ሄደ። ሥራውን በደንብ የሚያሳየን ይህ ጊዜ ይመስለናል። አሠልጣኙ ቶማስ ሌች በ2020–21 ከኋላ ሦስት የመሐል ተከላካይ እያሰለፈ መስመሩን በሙሉ ለአንድ ሰው ይሰጥ ነበር። በአራት ተከላካይ አሰላለፍ የቀኙ ተከላካይ ብዙ ጊዜ ከፊቱ የመስመር አጥቂ ስላለ ሥራውን ይካፈላሉ። በሦስቱ አሰላለፍ ግን 105 ሜትሩ ለብቻው ነው፤ ቡድኑ ሲያጠቃ ክንፍ፣ ሲከላከል አምስተኛ ተከላካይ ይሆናል። ኳስ በተቀማ ቅጽበት መመለስ ያለበት በሰያፍ ወደ ውስጥ፣ ወደ ቅርቡ የመሐል ተከላካይ ጎን ነው። ዳር ዳሩን ይዞ ቀጥ ብሎ የሚመለስ ልጅ በሁለቱ መካከል ክፍተት ይተዋል፤ ተጋጣሚም ኳሱን የሚያሾልከው በዚያ ነው።

ቪተስ በዚያ ዓመት ሊጉን 4ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ በሀገሪቱ ዋንጫ ፍጻሜ ደግሞ በአያክስ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት በአውሮፓ ኮንፈረንስ ሊግ የእንግሊዙን ቶተንሃምን በሜዳው 1 ለ 0 አሸንፎ ከምድቡ አለፈ፤ ያስወጣው በኋላ ዋንጫውን የወሰደው ሮማ ነው። ዳሳ በ2022 ወደ ዲናሞ ሞስኮ ተሻገረ።

ልጅ ያላችሁ፣ ሜዳ ዳር ስትቆሙ ከኳሱ ይልቅ የልጁን እግር እዩ። የመስመር አጥቂ ሲመጣበት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቅ ይበል፤ ጉልበቱን አጠፍ፣ አንዱን እግር ከሌላው ቀደም አድርጎ ገላውን ወደ ዳር ያዙረው። ሁለቱን እግር እኩል ከፍቶ ከቆመ ኳሱ በእግሮቹ መሐል ያልፋል፤ እሱ እስኪዞርም አጥቂው ሁለት እርምጃ ይቀድመዋል። ሸርተቴ መጨረሻ ላይ ነው፤ መሬት ላይ የወደቀ ተከላካይ እስኪነሳ ቡድኑ አንድ ሰው ጎደለው ማለት ነው።

ኳስ ከግራ ሲሻማስ? ብዙ ጎል የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የቀኙ ተከላካይ ወደ ውስጥ ገብቶ የሩቁን ቋሚ መጠበቅ አለበት። ኳሱን ብቻ ካየ ከጀርባው ሾልኮ የሚገባውን አጥቂ አያየውም። ስለዚህ ኳሱ ከመሻማቱ በፊት በትከሻው ላይ ዞር ብሎ ማየትን ይልመድ፤ አንድ ጊዜ አይበቃም፣ ሁለት ሦስቴ።

የዛሬውን ጾም ለሚጾሙ ታዳጊዎችም አንድ ነገር አለን። ከሰዓት በኋላ ጾሙ ሲፈታ ዳቦው ይቀርባል፣ ጨዋታውም ይደምቃል፤ ማታ ልምምድ ካለ ግን ሆድን ሞልቶ መሮጥ አይሆንም። በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ፉት ፉት እያሉ መጠጣት፣ ዳቦውን በጥቂቱ መቅመስ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ሰዓት ማረፍ ይሻላል። የመስመር ተከላካይ ሥራው ተደጋጋሚ የፍጥነት ሩጫ ነው፤ ውሃ ባጣ፣ በደከመ ሰውነት ላይ ቀድሞ የሚይዘው የባትና የጭን ጡንቻ ነው። አሠልጣኙ የስግድን ጾም ላያውቅ ስለሚችል ከቀናት በፊት ንገሩት፤ ለዛሬ ቀለል ያለ የኳስ ቅብብል ይበቃል።

ጸሎታችሁን ይስማልን። መልካም ስግድ!