ጎማ ነው ተኩስ ነው?

ከትናንት ጀምሮ ሆዴ ባር ባር ይለዋል። ምክንያቱን አትጠይቁኝ። ሐምሌ ነው፣ መብራት የለም፣ ቻርጄም እያለቀ ነው። ቅድም ከዋናው መንገድ በኩል አንድ ነገር ጓ! አለ። የግቢው ሰው ሁሉ በየበሩ ብቅ ብቅ አለ። እትዬ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ "ጎማ ነው ተኩስ ነው?" ብለው ጠየቁ። ዘበኛው ትራንስፎርመር ነው አለ። የላይኛው ተከራይ ግን "የምን ትራንስፎርመር! ሽጉጥ ነው፤ እኔ ድምፁን አላጣውም" ብሎ ድርቅ አለ። የሽጉጥ ድምፅ አላጣውም ከሚል ሰው ጋር በጨለማ መከራከር ደግ ስላልመሰለኝ ወደ ቤቴ ገባሁ።

እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። ይሄን ጆሮ መቼ ነው ያወጣነው? የጎረቤት ልጅ ገና ፊደል በቅጡ አልለየም፣ ክላሽና ሽጉጥ ግን ይለያል። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም።

የኔ ጆሮ የተከፈተው አያቴ ቤት ነው። ታውቃላችሁ፣ ክረምቱን ሁሉ እዚያ ነበር የምንከርመው። ምንሽር ጠመንጃቸው ከምሰሶው ላይ፣ ከቀንድ መስቀያ ላይ ትሰቀላለች። ከሥሯ ያለው መደብ የሳቸው ብቻ ነው። እንግዳ ሲመጣ እንኳ እዚያ አይቀመጥም። ማንም ሕግ አላወጣም፣ ሰው ግን ያውቃል። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ያወርዷትና ጉልበታቸው ላይ ያጋድሟታል። ዘይት የነካ ጨርቅ በሲባጎ አስረው በአፈሙዟ አስገብተው በወዲያ በኩል ይስባሉ። ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ሌላ ጨርቅ። እንደገና። ሰደፏ ላይ የተመቱትን የነሐስ ምስማሮች በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ያሻሻሉ። አያቴ ሚስታቸውን እንደዚያ ሲያዩ አይቼ አላውቅም (ነፍሳቸውን ይማር፣ ሁለቱንም)።

ለኛ ለልጆች የሚደርሰን ቀለሃው ነበር። አፉን ከታችኛው ከንፈርህ አስጠግተህ ስትነፋው ያፏጫል። ባሩዱ ከለቀቀ በኋላ እንኳ ሽታው አይጠፋም። ነሐሱ ምላስ ላይ ሳንቲም የላስክ ያህል ይቀራል። ቀለሃ ያለው ልጅ እረኞቹ መሃል ሹም ነው። እኔ የነበረኝ አንድ ነበር፣ እሱንም ያጎቴ ልጅ ነጠቀኝ። እስካሁን አልመለሰም።

ቀለሃ ብርቅ የሆነው ግን ለምን ነበር? ተኩስ ስላልነበረ ነው። አያቴ ዝናራቸው ውስጥ ያለውን ጥይት ቁጥሩን ያውቁታል። ለታላቅ ሰው ለቅሶ አንድ፣ ለልጅ ሠርግ አንድ፣ አለቀ። ከዚያ ውጪ ምንሽር ሥራዋ መሰቀል ነው። አያቴ ባለ ጠመንጃ መባላቸው በቂ ነበር። ገበያ ሲወጡ ያነግቷታል፣ ሸንጎ ሲቀመጡ ጉልበታቸው መሃል ያቆሟታል፣ ሲናገሩ ሰው ይሰማል። እውነት ለመናገር የሚሰማው ለሳቸው ይሁን ለሷ እኔ እንጃ።

ምንሽር አምስት ትጎርሳለች። አንዱን ከተኮስክ በኋላ መቀርቀሪያዋን መሳብ አለ፣ መመለስ አለ፣ እንደገና ማነጣጠር አለ። በዚያች መሃል ሰው "ምን እያደረግኩ ነው?" ማለት ይችላል። ሌላው ቢቀር አንድ ሽማግሌ "ተው በማርያም!" ብሎ መሃል ለመግባት ይደርሳል። ክላሽ ግን 30 ጎርሶ፣ ቃታውን ከያዝክለት በደቂቃ 600 ገደማ የሚተፋ ነገር ነው። ንዴት ለመብረድ ጊዜ ይፈልጋል። ክላሽ ያቺን ጊዜ ከለከለን።

ድሮ ጠላ ቤት ጠብ ሲነሳ መሣሪያው ዱላ ነበር። ግንባር ይፈነከታል፣ አንዱ ሳምንት ይተኛል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ካሣ ተከፍሎ ይታረቃሉ። በዓመቱ እነዚያው ሁለት ሰዎች አንድ የጠላ ወጨፎ ላይ አብረው ታገኛቸዋለህ። አሁን ያው ጠላ ነው፣ ያው ነገር ነው፣ ያው "ማነህና ነው!" ነው። አንዱ ወደ ቤቱ ሄዶ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ የሚቀረው ሬሳ ነው። ከሬሳው ደም ይመጣል፣ ከደሙ ደም መላሽ ይመጣል፣ ገና ያልተወለደ ልጅ ሳይቀር ዕዳ ይኖርበታል። ሰዎቹ ከድሮዎቹ የከፉ አይመስለኝም። የተለወጠው እጃቸው ላይ ያለው ነገር ነው።

ሚካኤል ክላሽኒኮቭ ራሱ መጨረሻ ላይ ጨንቆት ነበር። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ2013፣ በ94 ዓመቱ ነው የሞተው። ከመሞቱ በፊት ለሩሲያ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። የሠራሁት ጠመንጃ የሰው ሕይወት ከቀጠፈ፣ እኔ ክርስቲያን ሆኜ ለነዚያ ሰዎች ሞት ተጠያቂ ነኝ ወይ? የሚል ነው ጥያቄው። ከቤተ ክርስቲያኒቱ የተሰማው ሐሳብ መሣሪያ አገር ለመጠበቅ ሲውል ቤተ ክርስቲያን ትደግፋለች የሚል ነበር። ጥሩ መልስ ነው። ጥያቄውን ግን አልመለሰም። ይሄን አያቴ ቤት ለቀሩት ለጋሽዬ ነግሬያቸው ነበር። "አይ፣ ጎበዝ ሰው ነበር" አሉ። ስለ ደብዳቤው ነው ወይስ ስለ ጠመንጃው? አልጠየቅኳቸውም።

ጋሽዬ ሰሞኑን ሲደውሉ ያመጡት ነገር ነው ለካ ሆዴን የሚበጠብጠኝ። አሁን ገባኝ።

"አንተ የተማርከው ነህ" አሉኝ፤ "ጠመንጃዋን ላስመዝግባት ወይስ ዝም ልበል?"

"አዋጁ አስመዝግቡ ነው የሚለው ጋሽዬ።"

"አዋጁንማ በሬዲዮ ሰምቻለሁ። ያንተን ነው የጠየቅኩህ።"

አዋጁ አለ፣ ቁጥሩም 1177/2012 ነው። የጦር መሣሪያ ያለ ፈቃድ አይያዝም፣ ፈቃድ ደግሞ ያለ ምዝገባ የለም። እኔ በበኩሌ ሲወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ቢሮ ሻይ ላይ ሳይቀር ተከራክሬለታለሁ። አንድ አገር ማን ምን እንደታጠቀ ካላወቀ እንዴት ይተኛል? ብያለሁ። ጥሩ ነጥብ ነበር፣ ሰውም ራሱን ነቅንቋል።

ጋሽዬ ግን ራሳቸውን የሚነቀንቁ ሰው አይደሉም። "ካስመዘገብኩ ስሜ መዝገብ ላይ ሰፈረ። የዛሬው ሹም ደግ ቢሆን የነገውን ማን ያውቃል? ካላስመዘገብኩ ሕገ ወጥ ነኝ። ደሞ ከወንዙ ማዶ ያሉት አላስመዘገቡም። እኔ ቀድሜ ባዶ እጄን ልቅር?"

ምን ይባላል? ሰውዬው ታሪክ አልተማሩም፣ ታሪኩን ግን ያውቁታል። በ1927 ክረምት ጣሊያን ድንበር ላይ ጦር ስትከምር እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ለሁለቱም! ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ ነበራት። እኛ ደግሞ ከአያት የወረስነው ውጅግራና አልቢን የሚባል አሮጌ ጠመንጃ። እኩልነት ማለት እንዲህ ነው። አፄ ቴዎድሮስም ያን ሁሉ ዘመን መሣሪያ ሲሹ፣ ጋፋት ላይ መድፍ ሲያሠሩ ኖረው፣ መቅደላ ላይ በ1860 ራሳቸውን ያጠፉበት ሽጉጥ በንግሥት ቪክቶሪያ ስም የተሰጣቸው ስጦታ ነበር። ጠመንጃ ለኛ ሰው ከሌላ እጅ የሚለመን፣ የሚከለከል፣ ወይም የሚነጠቅ ነገር ሆኖ ነው የኖረው። ያገኘ ሰው አጥብቆ ቢይዝ ምን ይገርማል?

ከተማውም ያው ነው። በ1969 አዲስ አበባ ላይ ቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድ የእትዬ ባል ሽጉጣቸውን ሽንት ቤት ጉድጓድ ከተዋታል። እትዬ ይሄን ታሪክ ዛሬም ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በሩን ያያሉ። ባልየው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ደርግም የለም፣ ጉድጓዱም ተደፍኖ ላዩ ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። እትዬ ግን በሩን ያያሉ።

ስለዚህ ለጋሽዬ ምን ልበላቸው? አስመዝግቡ ብዬ ነገ ከማዶ ሰው ቢመጣባቸው እኔ እዚህ ወፍራም ብርድ ልብስ ውስጥ ነኝ። ተዉት ብዬ ነገ ያጎቴ ልጅ (ያ ቀለሃዬን የነጠቀኝ፣ አሁን ደግሞ ማታ ማታ ጠጥቶ የሚገባው) ከምሰሶው አውርዶ ቢወጣስ? በነገራችን ላይ ምሰሶው ላይ አሁን ያለችው ምንሽሯ አይደለችም። አያቴ ሲሞቱ ጋሽዬ እሷን አንድ በሬ ጨምረው በክላሽ ለወጧት።

"ጋሽዬ፣ አይሰማም፣ ኔትወርኩ ነው" አልኩ። ኔትወርኩ እንደ መስታወት ነበር።

የባሰው ደግሞ ይሄን ሁሉ የምጽፈው ሰውዬ ማን መሆኑ ነው። በታናሿ እህቴ ሠርግ ላይ ብታዩኝ! ሽለላው ሲጀመር ከየት እንደመጣ የማላውቀው ነገር ወገቤን ያዘኝ። አይጥ ሳይ ወንበር ላይ የምወጣው ሰው "ዘራፍ!" አልኩ። ጋሽዬን ለምኜ ክላሿን ተቀበልኩና አንግቼ፣ ቅንድቤን ቋጥሬ፣ ተራራውን እያየሁ ፎቶ ተነሣሁ። ጋሽዬ መሣሪያ ለማን እንደሚሰጥ ያውቃሉ። ካዝናውን አውጥተው ኪሳቸው ከተው ነው ያስያዙኝ። እኔ ያንን ያየሁት ፎቶውን ፕሮፋይሌ ካደረግኩ በኋላ ነው።

እስካሁን ካወጣኋቸው ፎቶዎች ሁሉ ብዙ ላይክ ያገኘው እሱ ነው። አልቀየርኩትም። ከሥሩ "ካዝናው የታለ?" ብሎ የጻፈውን ሰውዬ ግን ኮመንቱን አጥፍቼበታለሁ።