«ሰዎችህ የት አሉ?»

በ2016 እ.ኤ.አ. የጸደይ ወራት፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ ሲዳር ሪቨርሳይድ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር አንድ ካርቶን ተምርና ሁለት ኪሎ ቡና ይዤ ላገባት ወደምፈልጋት የሶማሌ ልጅ ቤት ሄድኩ። የተቀበሉን የእናቷ ወንድም ነበሩ፤ ሶማሌዎች የእናትን ወንድም «አብቲ» ይላሉ። ሔልና ወተት የገባበት ሻይ አስቀዱልን፤ ስለ ሥራዬ፣ ስለምሰግድበት መስጊድና ስለ አባቴ ጤንነት ጠየቁኝ፤ ከዚያም ብርጭቆአቸውን ምንጣፉ ላይ አስቀምጠው «ሰዎችህ የት አሉ?» አሉኝ። ቤተሰቦቼ ኮምቦልቻ እንደሚኖሩና እዚህ ብቻዬን እንደሆንኩ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ዝም አሉ። አልተቆጡም፣ አላዋረዱኝምም፤ ምሳ አብልተው እስከ ሊፍቱ ድረስ ሸኙኝ። በማግስቱ ልጅቱ ደውላ፣ አጎቷ «ልጁ ጨዋ ነው፤ ነገር ግን ማንም አልመጣም» ማለታቸውን ነገረችኝ። ሁለት ሆነን ሄደን ሳለ «ማንም አልመጣም» የተባለበትን ምክንያት ለመረዳት ወራት ፈጅቶብኛል፤ ይህን የምጽፈውም ከእኔ በኋላ በዚያ ደጃፍ የሚቆም የአገሬ ልጅ ያን ያህል ጊዜ እንዳይባክንበት ስለምመኝ ነው።

የተዋወቅነው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት የቅዳሜና እሑድ ፈረቃ ስንሠራ ነው። እሷ የነርስነት ትምህርት ትከታተል ነበር። የሲያድ ባሬ መንግሥት በጥር 1991 እ.ኤ.አ. ከወደቀ በኋላ ቤተሰቧ ከሞቃዲሾ ወደ ኬንያ ተሰድዶ፣ እሷ በዳዳብ የስደተኞች መጠለያ ተወልዳ፣ በ11 ዓመቷ ሚኒሶታ ገባች። ሶማሌዎች መጠናናትን «ሹካንሲ» ይሉታል። የእኛ ሹካንሲ በአብዛኛው በስልክ ነበር፤ በአካል ስንገናኝ ደግሞ ታናሽ እህቷ ሳትኖር ተቀምጠን አናውቅም። ካርሜል በሚባለው የሶማሌዎች የገበያ አዳራሽ ሻይ ስንጠጣ ከየሱቁ የሚመለከቱን እናቶች ሁሉ ከእናቷ ጋር የሚተዋወቁ ስለነበሩ፣ እኛ ከአዳራሹ ሳንወጣ ወሬው ቤት ይደርስ ነበር። መጀመሪያ ይህ ከብዶኝ ነበር። እያደር ግን እነዚያ እናቶች የሚሰጡት ምስክርነት መሆኑ ገባኝ፤ አጎቷ «ልጁ ጨዋ ነው» ያሉት ከእነሱ አፍ ሰምተው እንጂ በአንድ ሻይ ለክተውኝ አይደለም።

በዚያን ጊዜ የእሷ እሺታ ሁሉንም ነገር የጨረሰው ይመስለኝ ነበር። እሺታዋ ያስፈልጋል፤ ያለ እሷ ፈቃድ ኒካህ የለም። ነገር ግን አገሩ ፈርሶበት፣ ቤቱንና ንብረቱን ጥሎ የወጣ ሕዝብ ይዞት የወጣው አንድ ነገር ቢኖር ዘመዱ ነው። የታመመ ሲኖር ገንዘብ የሚሰበሰበው በዘመድ ነው፤ ይህን መዋጮ «ቃራን» ይሉታል። ሴቶች በየወሩ እንደ እኛ እቁብ የሚጥሉትና «አዩቶ» ወይም «ሀግባድ» የሚባለው ገንዘብ ወረቀት ሳይፈረም የሚዞረው በመተዋወቅ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ልጅ ከመንገድ ሲወጣ፣ ሰው ሲሞት፣ የሚጠራው ያው ዘመድ ነው። ስለዚህ «ሰዎችህ የት አሉ?» ማለት፣ ነገ ልጃችን ብትበደል ማንን ጠርተን እንናገራለን ማለት ነው። እኔ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም።

በምሰግድበት መስጊድ እኛ የወሎ ልጆች «ሀጂ» ብለን የምንጠራቸው የወረባቦ ሰው አሉ። ነገሩን ሳጫውታቸው ለረጅም ጊዜ አይተውኝ «ልጄ፣ ደሴ ብትሆን ኖሮ ብቻህን ትሄድ ነበር?» አሉኝ። የማፍርበት መልስ ነበረኝ። አገር ቤት ሽማግሌ ሳይልክ ደጅ የሚመታ ሰው እንደሌለ እያወቅሁ፣ አሜሪካ ስለገባሁ ብቻ ወግ የሌለበት አገር የገባሁ መስሎኝ ነበር። ያን ምሽት ሀጂ ስልካቸውን አውጥተው ሰው መሰብሰብ ጀመሩ። የመስጊዳችን ኢማም፣ ሶማልኛ እንደ አማርኛ የሚናገር አንድ የድሬዳዋ ሰው፣ ለረጅም ዓመት አብሮኝ የሠራ ጓደኛዬ፣ እንዲሁም ከኮሎምበስ ኦሃዮ 12 ሰዓት ያህል መኪና ነድቶ የመጣ የአባቴ ዘመድ ተጨምረው አምስት ሆኑ። እኔ አባቴ ዘንድ ደውዬ የአያቶቼን ስም እስከ ሰባት ቤት ጽፌ እንዳጠና ታዘዝኩ፤ ሶማሌ የዘር ሐረጉን ቆጥሮ የሚያድግ በመሆኑ ይህ እንደሚጠየቅ የድሬው ሰው አስቀድሞ ነግሮናል። አባቴም ናይሮቢ ኢስሊ ከሚኖሩት የልጅቱ አባት ወንድም ጋር በአስተርጓሚ በስልክ ተነጋገረ፤ አባቷ በሕይወት ስለሌሉ ወሊይዋ፣ ማለትም በኒካህ የሚድሯት ኃላፊዋ፣ እሳቸው ነበሩና።

ሁለተኛው ጉብኝት ላይ ሳሎኑ ውስጥ ከእነሱ ወገን ዘጠኝ ወንዶች ተቀምጠው ጠበቁን። ሴቶቹ ቀጥሎ ባለው ክፍል፣ በሩ ገርበብ ብሎ፣ ሁሉን ይሰሙ ነበር። ሽምግልናው የወንዶች ቢመስልም፣ የሚቆረጠው ነገር አስቀድሞ በእናቲቱና በአክስቶቿ የተቆረጠ እንደሆነ በኋላ ተረድቻለሁ፤ እነሱ ያልፈቀዱት ሽማግሌ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል እንጂ ልጅ አይሰጠውም። ጎሳዬን ሲጠይቁ ኢማሙ እኛ በአገርና በአያት እንጂ በጎሳ እንደማንቆጠር አስረድተው፣ ሰባቱን ስም እኔው እንድጠራ አደረጉኝ።

ከዚያ አብቲ ጉሮሮአቸውን ጠርገው፣ «ታላቅ ወንድሜ በ1978 እ.ኤ.አ. ካራማራ ላይ ቀርቷል። በ2006 የአገራችሁ ጦር ሞቃዲሾ ሲገባ እናቴ እዚያ ነበረች። ይህን ሳልናገር ልጅ ብሰጥ ልቤ አይጠራም» አሉ። የድሬው ሰው ሲተረጉም ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኛ ካራማራን የምናስታውሰው በድል ነው፤ ያ ተራራ በዚህ ሳሎን ውስጥ የአንድ ሰው ወንድም መቃብር መሆኑን አስቤው አላውቅም። ሀጂ ጥቂት ቆዩና፣ «የእኔም ታላቅ ወንድም በ1977 እ.ኤ.አ. ጅጅጋ ላይ ነው የቀረው። አስከሬኑን አላየንም። እናታችን እስክትሞት ድረስ በር ሲንኳኳ እሱ ይመስላት ነበር» አሉ። ማንም ማንንም አልወቀሰም፤ ከሁለቱም ወገን ለቀሩት ፋቲሃ ተቀራ። ይህ ሁሉንም ሰው አላስታረቀም፤ ከአጎቷ ልጆች አንዱ ሠርጋችን ላይ አልተገኘም፤ እስካሁንም ሲያየኝ ሰላምታው አጭር ነው። እኔ በዚያ አልፈርድበትም።

ልባችን ከብዶ ሳለ ወደ ገንዘቡ ተገባ። ሀጂ ወደ ኢማሙ ጠጋ ብለው በአማርኛ «ሺህ ዶላር እንበል፤ ካልተቀበሉን እንጨምራለን» ሲሉ፣ ትኩስ ሳምቡሳ በትሪ ይዘው የገቡት የልጅቱ አክስት ቆም ብለው፣ ጥርት ባለ አማርኛ «አባባ፣ ሰባት ዓመት ቦሌ ሚካኤል ኖሬአለሁ፤ ድምፅዎን ትንሽ ዝቅ ያድርጉ» አሏቸው። ሀጂ ከተቀመጡበት ተነሥተው አክስትየዋን እንደ አገራቸው ሰው ሰላም አሏቸው፤ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ፤ አየሩ ከዚያ በኋላ ተለወጠ። ብዙ ሶማሌዎች የሦስተኛ አገር ጉዳያቸው እስኪያልቅ አዲስ አበባ ቦሌ ሚካኤል ለዓመታት ኖረዋል። ስለዚህ እንዲተረጎም የማትፈልጉትን ነገር በአማርኛም ቢሆን አትናገሩ።

ስለ ገንዘቡ በግልጽ ልናገር፣ ምክንያቱም የእኛ ልጆች ሦስት የተለያዩ ነገሮችን «ጥሎሽ» ብለው በአንድ ስለሚጠሩ ይጣላሉ። «ገባቲ» ልጅቱ መታጨቷን ለማጽናት ለተሰበሰቡት የወገኗ ወንዶች የሚሰጥ ነው፤ እኛ 1,500 ዶላር ሰጠን፤ ትሪ ላይ ተቆጥሮ እዚያው ተከፋፈለ፣ ለአንዳንዱ የደረሰው 50 ዶላር አይሞላም። ያ ገንዘብ ማንንም አያበለጽግም፤ የተቀበለው ሁሉ ግን ለጋብቻው ምስክር ይሆናል። «የረድ» ለቤተሰቡ የሚሰጥ ሲሆን ዋጋው እንደየቤተሰቡ ይለያያል፤ የእሷ እናት የእኔን ለሠርጉ ድግስ እንዲውል አድርገዋል። መህር፣ ማለትም በኒካህ ባል ለሚስቱ የሚሰጠው፣ ግን የእሷና የእሷ ብቻ ነው፤ እናትም አጎትም አይነካውም። 40 ግራም ወርቅ ጠየቀች፤ ግማሹን በኒካሁ ቀን ሰጥቼ ቀሪውን በሁለት ዓመት ውስጥ ከፈልኩ፤ ያ እዳ እስኪያልቅ ድረስ ዕረፍት አልተሰማኝም።

ኒካሁ የተፈጸመው በሐምሌ ወር፣ በሚኒያፖሊስ ሰዓት ከቀኑ 7 ሰዓት ነበር፤ ናይሮቢና ኮምቦልቻ ከምሽቱ 3 ሰዓት ማለት ነው። አጎቷ ከናይሮቢ በስልክ ሼኹን ወኪል አደረጉ፤ የአባቴ ድምፅ በሌላ ስልክ ይሰማ ነበር፤ ሁለት ምስክሮች አጠገቤ ተቀምጠዋል። የመንግሥቱን ፈቃድ ከካውንቲው ጽሕፈት ቤት አስቀድመን አውጥተናል። በሚኒሶታ ፈቃዱ 115 ዶላር ሲሆን የ12 ሰዓት የቅድመ ጋብቻ ትምህርት የወሰደ 40 ዶላር ብቻ ይከፍላል፤ ኢማማችን ያን ትምህርት ሰጥተው ፈርመውልናል፤ ከገንዘቡ ይልቅ ስለ ዕዳና ስለ ቤተሰብ እርዳታ ያነጋገሩን ጠቅሞናል። ጸሐፊዋ ሚስቴ የእኔን ስም ትወስድ እንደሆነ ስትጠይቅ ሁለታችንም በአንድ አፍ «አትወስድም» አልን። ሶማሌም እንደ እኛ በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው የሚጠራው፤ ለዚህ አንዳችን ለሌላችን ማስረዳት አላስፈለገንም።

ስለ ሠርጉ አዳራሽ ብዙ የምለው የለም። ኪራዩን የከፈልነው አክስቷ የአዩቶ ተራቸውን ስለለቀቁልን ነው። ለእኔ ሠርጉ የነበረው ከሰባት ቀን በኋላ፣ በ«ሻሽ ሳር» ዕለት ነው። በዚያ ቀን ሴቶች ተሰብስበው በ«ቡራንቡር» ግጥም እያወደሱ፣ ያገባች ሴት የምታስረውን ሻሽ በሙሽራዋ ራስ ላይ ያስራሉ። ቤቱ በ«ኡንሲ» ጢስ ታጥኖ ነበር። ቀጥሎ «ሔዶ» ቀረበ። ሔዶ ክዳን ያለው ዕቃ ነው፤ ውስጡ በጥቃቅኑ ተከትፎ፣ ደርቆ፣ በቅመም ቅቤ የተቀመጠ «ሙቅመድ» የሚባል ሥጋ አለበት፤ ላዩ በተምር ይሸፈናል። ዕቃው ነጭ ጨርቅ ለብሶ፣ እንደ ሙሽራ ተሸልሞ፣ በቀጭን ገመድ እላይ በላዩ ይታሰራል፤ የገመዱን ጫፍ የሚያውቁት ያሰሩት ሴቶች ብቻ ናቸው። የሙሽራው ወገን ሳይቆርጥ መፍታት አለበት። ኢማሙ ሞክረው ተቀጡ፤ ጓደኛዬም ተቀጣ። የኮሎምበሱ ዘመዴ በወጣትነቱ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ገመዱን ከመጎተት ይልቅ ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ በጥፍሩ ሥር ስስ ጫፍ ብቅ አለች። ከዚያ ወዲያ ገመዱ እየዞረ ጭኑ ላይ ተከመረ፤ ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት። ሙቅመዱን ስቀምስ የእናቴ ቋንጣ ትዝ አለኝና እንባዬ መጣ።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት ከዚያ በኋላ ነው። በሦስተኛው ወር ሲያትል የሚኖሩ የአባቷ አጎት ልጅ ሞቱ። የቃራን ጥሪ ሲመጣ ገንዘቤን ላክሁ፤ ነገር ግን ፈረቃ ስለነበረኝ እኛው ከተማ መስጊድ ውስጥ ለተቀመጡት ዘመዶች ለቅሶ አልደረስኩም። ለሰባት ቀን ማንም ምንም አልተናገረኝም። ከዚያ ግን አማቴ ቤት ስንሄድ ሻይ የሚሰጠኝ እንደ እንግዳ መሆኑን አስተዋልኩ። የድሬው ሰው ያስቀየመ ሰው «ሃል» ማለትም ካሣ ይዞ እንደሚሄድ ነገረኝ። ከሀጂ ጋር አንድ ገርባሳር ሻሽና 200 ዶላር ይዤ ሄድኩ፤ ፈረቃዬን ሰበብ ሳላደርግ አጠፋሁ አልኩ። እናቲቱ ገርባሳሩን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ገንዘቡን መለሱልኝና «ሆዮ፣ ቁጭ በል» አሉኝ። «ሆዮ» እናት ማለት ነው፤ የሶማሌ እናት ግን ልጇንም በዚያው ቃል ትጠራለች። እስከዚያ ቀን በስሜ ነበር የሚጠሩኝ።

ባለፈው ዓመት አንድ የደሴ ልጅ ከሲዳር ሪቨርሳይድ ማማዎች በአንዱ የምትኖር ሶማሌ ማግባት እንደሚፈልግ ነገረኝ፤ ብቻውን ለመሄድ ተነሥቶ ነበር። ሀጂ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በክንዳቸው ደግፌ ወሰድኳቸው፤ ተምሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። የልጅቱ አባት በሩን ከፍተው ስድስታችንንም አንድ በአንድ አዩን፤ ከዚያም ወደ ውስጥ ዞረው ስድስት የሻይ ብርጭቆ እንዲቀርብ ተናገሩ።