ከሱቁ ደጅ የማያልፍ ደመወዝ

«አሜሪካ ተኖሮ ደግሞ ይራባል እንዴ?» እያላችሁ ለምትጠይቁን ወዳጆች፣ መልሱ ከዋሽንግተን ዲሲ የስድስት ሰዓት ያህል መንገድ ርቆ ዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች ውስጥ አለ። ማክዶዌል ካውንቲ ይባላል። ዛሬ ብዙ ሐበሻ የሚያውቀው ፉድ ስታምፕ፣ የመንግሥት የምግብ መግዣ ድጎማ፣ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዘመን ለሙከራ ሲጀመር፣ የመጀመሪያው ኩፖን የተሰጠው እዚያ ነው፤ ግንቦት 1961 በፈረንጆቹ፣ 15 ነፍስ ላለበት ቤተሰብ፣ የ95 ዶላር። ያ ሁሉ የድንጋይ ከሰል በወጣበት ምድር!

ከዚያ ቀደም ባሉት አሥርት ዓመታት ከሰሉን የቆፈሩት ከጣሊያን፣ ከሃንጋሪና ከፖላንድ የመጡ ስደተኞች፣ ከደቡብ የመጡ ጥቁር አሜሪካውያንም ነበሩ። «ተራራው ላይ ጥቁር አለ?» ለምትሉ፣ ኪምቦል ከተማ ውስጥ ለጥቁር ዘማቾች በ1928 የተሠራው መታሰቢያ አለላችሁ።

ለከሰል ኩባንያው ሠራተኛ የሚመለምለው ደላላ የባቡሩን ዋጋ ኩባንያው ይችላል ይላል። ኋላ ከደመወዝ ይቆረጣል፤ ሰውየው ዶማ ሳያነሳ ባለዕዳ ነው። የቤት ኪራይ፣ የሐኪም፣ የባሩድ፣ የመሣሪያ ስለት ማውጫ፣ ሁሉም ተቆራጭ ነው። ክፍያው በቶን ነው። ቆፋሪው ቁጥሩ የተቀረጸበትን ነሐስ በሞላው ፉርጎ ላይ ያንጠለጥላል፤ ውጭ ሚዛን ላይ ያለው ሰው ነሐሱን አውርዶ በዚያ ቁጥር ይመዘግባል። «ድንጋይ ተቀላቅሎበታል» ካለ ይቀንሳል። ሠራተኞቹ የራሳቸው ሚዛን ተቆጣጣሪ ከሌላቸው ተከራክሮ መርታት የለም።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን ስክሪፕ ነው። ደመወዝ ሳይደርስ ቤት ዱቄት ካለቀ፣ ከኩባንያው መስኮት ብድር ይወሰዳል፤ የሚሰጠው ግን ዶላር አይደለም። የኩባንያው ስም የታተመበት፣ ብዙ ጊዜ መሐሉ የተበሳ ሳንቲም ነው። በዚያ ኩባንያ ሱቅ ዱቄት ይገዛል፤ ቀጣዩ መንደር ሲደርስ ተራ ብረት ነው። በጥሬ ገንዘብ የሚመነዝርም ቆርጦ ነው። የደመወዝ ዕለት የስክሪፑ ዕዳ ቀድሞ ይነሳና ወረቀቱ ላይ ዜሮ የሚነበብበት ሰው ብዙ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ቀን ሙሉ ከሰል ሲዝቅ የሚውል ጎልማሳ፣ አገሩ ላሉት እናቱ የምትላክ አንዲት ዶላር ማጣቱን። እኛም አገር ቤት ስንደውል ያገኘነውን እንጂ የተቆረጠብንን አናወራም፤ አሜሪካኖቹም ለልጆቻቸው ስለ ወርቅ ፍለጋው እንጂ ስለዚህ ሳንቲም ብዙ አይነግሩም።

እምቢ ያለ ቤቱን ያጣል፣ ቤቱ የኩባንያው ነዋ። ግንቦት 1920 በጎረቤት ሚንጎ ካውንቲ፣ ሜትዋን ከተማ፣ የኩባንያ ቅጥረኞች የሠራተኛ ማኅበር የገቡትን ቤተሰቦች ዕቃ አውጥተው ሜዳ ሲጥሉ ውለው ተኩስ ተነሳ፤ 10 ሰው ሞተ። ለሠራተኞቹ የቆመው የፖሊስ አዛዥ ሲድ ሃትፊልድ በዓመቱ፣ ነሐሴ 1921፣ ከሚስቱ ጋር ዌልች ከተማ የፍርድ ቤቱን ደረጃ ሲወጣ ተገደለ።

ዛሬ ወደ ዓረብ አገርም ሆነ ወደ ሌላ ለመሄድ የተነሳችሁ፣ ደላላው ስለ ደመወዙ ሲያወራ አታስጨርሱት። ቲኬቱን ማን ይችላል? ከስንተኛው ወር ጀምሮ ስንት ይቆረጣል? ገንዘቡ በስሜ ባንክ ይገባል ወይስ አሠሪዬ ጋ ይቀመጣል? መኝታዬ አሠሪዬ ቤት ከሆነ፣ በተጣላን ማታ የት አድራለሁ? መልሱን በምታነቡት ቋንቋ በወረቀት ተቀበሉ፤ ፓስፖርታችሁን ከማስረከባችሁ በፊት።