ኤቢኤስ በራ፤ ጥፋተኛው ግን ኮምፒውተሩ አልነበረም

ባለፈው የካቢን ፊልተር ስቀይር የጻፍኩትን ያነበበ ሰው፣ የዛሬው ትንሽ ጠጠር ይልበታል። የኤሌክትሪክ መኪናዬ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲረገጥ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) መብራት ነው።

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ጅማ ውስጥም የኤሌክትሪክ መኪና ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። መኪናው ቀድሞ መጣ፤ ባለሙያው ግን ገና መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ እኛ ጀማሪዎች ያየነውን ብንነጋገር አይከፋም።

ችግሩን ያየሁት ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወደ ከተማ ስወርድ ነው። የጅሬንን ቁልቁለት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሌላ ጊዜ እግሬን ከፔዳሉ ሳነሳ መኪናው ራሱን ያዝ ያደርጋል፣ ባትሪውንም ይሞላል። ያን ቀን ዝም ብሎ ወረደ። ዳሽቦርዱን ሳይ ኤቢኤስና የመንሸራተት መቆጣጠሪያው ባንድ ላይ በርተዋል። ፍሬን ስረግጥ ይይዛል። ቀይ የፍሬን መብራት አልበራም። እሱ ቢጨመርበት ኖሮ እዚያው አቁሜ ነበር የምደውለው።

መብራቱና የጠፋው መያዣ የተያያዙ ናቸው። እግር ሲነሳ መኪናውን የሚይዘው ሞተሩ ነው፤ ጄኔሬተር ሆኖ ይሠራል። ግን የሚይዘው ሞተሩ የሚያሽከረክራቸውን ጎማዎች ብቻ ነው። መንገዱ ጭቃ ከሆነ ጎማው ሊንሸራተት ይችላል። ኮምፒውተሩ ይህን የሚያውቀው እያንዳንዱ ጎማ ላይ ካለው የፍጥነት ሴንሰር ነው። የአንዱ ወሬ ሲቋረጥበት በብዙ መኪኖች ላይ በሞተሩ መያዙን ይተወዋል ወይም ይቀንሰዋል። ብልህ ነው፣ አልፈርድበትም።

አንድ ጋራዥ ይዤው ሄድኩ። ጎማ ሳያነሱ፣ ኮድ (ኮምፒውተሩ የሚመዘግበውን የብልሽት ቁጥር) ሳያነቡ «የኤቢኤሱ ኮምፒውተር ተቃጥሏል፣ ይቀየር» አሉኝ። ዋጋውን ስሰማ አመስግኜ ወጣሁ። ጎረቤቴ ድሮ የጭነት መኪና መካኒክ ነበሩ። ስነግራቸው ሳቁ። «ልጄ፣ ኤሌክትሪክ ነው ብለው ነው የፈሩት። ጎማው እኮ ያው ጎማ ነው። መጀመሪያ ሥሩን እይ» አሉኝ።

ከሥሩ በፊት ግን ትንሿን የ12 ቮልት ባትሪ በቴስተር ለካሁ። እሷ ስትደክም የማይበራ መብራት የለም። ደህና ነበረች። ቀጥሎ ኮድ ማንበብ። ርካሹ የብሉቱዝ ማንበቢያ ብዙ ጊዜ ከኤቢኤሱ ጋር አያወራም። ኤቢኤስ የሚያነብ ከጓደኛዬ ተዋስኩ። ኮዱ የፊት ግራ ጎማ ሴንሰር ነው አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሴንሰሩን ገዝቶ ይገጥማል። እኔ ግን የቀጥታ ንባቡን ከፍቼ፣ ጓደኛዬ አጠገቤ ተቀምጦ ስክሪኑን እያየ፣ ባዶ ሜዳ ላይ ቀስ ብለን ዞርን። ቀጥ ብለን ስንሄድ አራቱም ጎማ እኩል ያሳያል። መሪውን ወደ ቀኝ ስጠመዝዝ የፊት ግራው ዜሮ ይላል፣ ስመልሰው ይነሳል። የሞተ ሴንሰር እንዲህ አይቀልድም። መሪ ሲዞር አብሮ የሚታጠፈው ኬብሉ ነው።

መኪናውን ስታነሱ ተጠንቀቁ። ትልቁ ባትሪ ወለሉ ሥር ተንጣሏል። ክሪኩ የሚያርፈው አምራቹ ምልክት ባደረገበት ቦታ ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ ካረፈ ባትሪውን ይጫነዋል። ብርቱካናማ ኬብል (ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍበት) ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ለዚህ ሥራ እሱን የሚያስነካ ምንም ነገር የለም።

ጎማው ሲወልቅ የጅማ ክረምት ተቀበለኝ። ፓራፋንጎው ውስጥ ቀይ ጭቃ ደርቆ ተጋግሯል። ጠርጌ ሳየው ኬብሉን የሚይዘው ክሊፕ ወልቋል። ክሊፑ ሲጠፋ ኬብሉ ተላልቶ ከብረቱ ጋር ሲፋተግ ከርሟል። ላስቲኩ ተልጦ ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱ በጥቂት ክር ብቻ ቀርቷል፣ እሱም አረንጓዴ ሆኗል።

አንድ ነገር ለቴስተር ወዳጆች፦ የአሁኖቹ ሴንሰሮች አብዛኞቹ ውስጣቸው ኤሌክትሮኒክስ አለ። እንደ ድሮዎቹ ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋሚያውን) መለካት በእነዚህ ላይ ምንም አይነግራችሁም። ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ መኪናውን አብርታችሁ፣ ከመኪናው በሚመጣው በኩል ቮልት መኖሩን እዩ። የኔ ወደ 12 ቮልት አሳየ። ኮምፒውተሩ «ሞቷል» ከተባለ በኋላ ማለት ነው!

ሽቦውን በስታኞ በይዶ በናስትሮ መጠቅለል ይቻል ነበር። ግን የሚታጠፍ ቦታ ላይ የተበየደ ሽቦ ብየዳው ጫፍ ላይ መልሶ ይበጠሳል። ፍሬን ላይ ደግሞ መቆጠብ አይመቸኝም። ሴንሰሩ ከነኬብሉ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተላከልኝ። የያዘው አንድ ብሎን ነው። አሮጌው ዝጎ ስለተጣበቀ በመዶሻ ሳይሆን ግራ ቀኝ እያወዛወዝኩ አወጣሁት። ቀዳዳውን በጨርቅ ጠረግሁ፣ አዲሱን ገጠምኩ። አዲስ ክሊፕም አሰርኩ፤ ያለ እሱ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ኮዱን አጥፍቼ ትንሽ ነዳሁት። መብራቶቹ ጠፉ፣ መኪናውም እግሬን ሳነሳ ያዝ ማድረግ ጀመረ። ቀኝ በኩል ያለውንም ክሊፕ አየሁት፤ ተሰንጥቆ በአንድ ጥርስ ቆሟል። እሱን ቅዳሜ እቀይራለሁ። ክሊፑን ብቻውን ጅማ ውስጥ የሚሸጥ ሱቅ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።