እትዬ የሽ

ዛሬ ከሰዓት ጣና ተቆጥቶ ነበር የዋለው። ነፋሱ ሲነሣ ዳሩ ላይ ያለው ውኃ ወተት የበዛበት ቡና ይመስላል፣ ሰውም አብሮት ይደፈርሳል መሰለኝ። ሻይ አዝዤ ተቀመጥኩ። ልወስነው የመጣሁት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እህቴ «አይፎን ልላክልህ ወይስ ብሩን ልኬ እዚያው አንድሮይድህን ትገዛለህ? ቁርጡን ንገረኝ» ብላ የተወችኝን ጥያቄ። ታውቋታላችሁ፣ ሁለቴ አትጠይቅም።

ከአሜሪካ የሚመጣ ከሆነ ከሁሉ በፊት ጎኑን መዳበስ ነው። እዚያ አገር የሚሸጠው አይፎን ከ14 ወዲህ፣ በፈረንጆቹ ከ2022 ጀምሮ ማለት ነው፣ የሲም ማስገቢያ የለውም። ኢሲም ብቻ፣ ካርድ የሌለው፣ ስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም። 13 ከሆነ ሲሙም ይገባል፣ ኢሲሙም ይሠራል። ርካሹ ቴክኖ ግን ሁለት ሲም ከነሜሞሪ ካርዱ ይውጣል። ሁለት መስመር ይዞ ለሚዞር ሰው ጨዋታው እዚሁ ላይ ሊያልቅ ይችላል።

ቀጥሎ ሎክ። ሴቲንግ፣ ጄኔራል፣ አባውት ገብቶ «ካሪየር ሎክ» የሚለው ፊት ለፊት «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ካላለ ስልኩ የአንድ ኩባንያ እስረኛ ነው። ከሲሙ ሥር ስስ ቺፕ ለጥፈው «ተከፍቷል» የሚሉት አለ፤ ሱቅ ውስጥ ኔትወርኩ ሙሉ ነው፣ አንድ ቀን አጥፍተህ ስታበራው ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ገንዘብ ሳይቆጠር በፊት አጥፍቶ ማብራት። እዚያው አባውት ላይ ወረድ ሲሉ ደግሞ የተቀየረ ዕቃ ይናገራል፤ ባትሪው ወይም ስክሪኑ «አንኖውን ፓርት» ከተባለ ኦሪጅናል አይደለም ወይም በወጉ አልተገጠመም። ይህን የማያሳዩ የቆዩ ሞዴሎች ላይ ትሩ ቶን የሚባለውን፣ የስክሪኑን ቀለም ከአካባቢው ብርሃን ጋር የሚያስማማውን፣ መፈለግ ነው፤ ከ8 ወዲህ ባለ አይፎን ላይ እሱ ከጠፋ ስክሪኑ ተነክቷል። የባትሪ ሄልዙንም ማየት ነው፤ አፕል ራሱ እስከ 14 ላሉት የሚለው ከ500 ሙሉ ቻርጅ በኋላ ከአዲስ አቅሙ 80 በመቶ ነው። ያገለገለ ስልክ ላይ 100 በመቶ ካየሁ ደስ አይለኝም፣ እጠረጥራለሁ።

ዋናው ግን አፕል አይዲው ነው፣ አሁን አፕል አካውንት የሚሉት፣ ስልኩን ከባለቤቱ ጋር የሚያስረው። ሻጩ ፊቴ ከአይዲው ይውጣ፣ ፊቴ ይደምስሰው፣ ከዋይፋይ ጋር ተገናኝቶ እስከ መጨረሻው ይከፈት። መሀል ላይ የሌላ ሰው አይዲ ከጠየቀ፣ ወይም «ሪሞት ማኔጅመንት» የሚል ገጽ ከመጣ (ስልኩን አንድ ድርጅት ከሩቅ ያዝዘዋል ማለት ነው)፣ የኋላ ኪስ ማስዋቢያ ነው። አዲስ አይዲም ሱቅ ከፍተው ሲሰጡ ፓስወርዱ እነሱ ዘንድ ይቀራል። ቤት ሄዶ በራስ ኢሜይልና በራስ ቁጥር መክፈት፣ ምን ቸገረ? አንድሮይዱም ቢሆን ከጉግል አካውንቱ ሳይወጡ ከደመሰሱት ሲከፈት የድሮውን አካውንት ሊጠይቅ ይችላል። እሱ ላይ ሰው አይጠነቀቅም እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ባትሪ ላይ ክርክር የለኝም። አይፎን 11 ባትሪው 3110 ሚሊአምፒር ነው፣ መናኛው አንድሮይድ 5000 ይዞ ይመጣል። መብራት ሲጠፋ የሚታየው ይሄ ቁጥር ነው። በዕድሜ ግን አይፎኑ ይረታል፤ 11 በ2019 ወጥቶ እስከ 2025 አዲስ ሲስተም ሲደርሰው ነበር፣ ርካሾቹ አንድሮይዶች በሁለት ዓመት ይረሳሉ።

አማርኛው ላይ ደግሞ አንድሮይድ ሜኑው ራሱ አማርኛ ይሆንልሃል፣ «ቅንብሮች» ምናምን እያለ። ሰዓታችንን ግን አያውቀውም። «1:00 ጥዋት» ያለህ እንደሆነ የኛ ሌሊት 7 ሰዓት ነው፤ የ12 ሰዓት ጀልባ ያለበት ሰው ማንቂያውን 6:00 ጥዋት ብሎ ነው የሚሞላው። አማርኛው ያዘናጋል፣ እንግሊዝኛው ቢሆን ሰው ራሱ ያሰላ ነበር።

እንግዲህ ልቤ ወደ አይፎኑ አዘነበለ እንበል። ዕቃ ማጓጓዝ አለ፣ አሮጌው ስልክ ላይ ያለውን ወደ አዲሱ። ሙቭ ቱ አይኦኤስ የሚባለውን አፕ አንድሮይዱ ላይ ማውረድ፤ ሁለቱንም ቻርጀር ላይ መሰካት፤ አይፎኑ የሚያወጣውን ኮድ አንድሮይዱ ላይ መሙላት፤ ከዚያ እጅን መሰብሰብ። መሀል ላይ ሌላ ነገር ከከፈትክ ወይም ስልክ ከተደወለ ይቋረጣል። የሚሠራውም አይፎኑ ገና «ሄሎ» እያለ ሳለ ነው፤ ቸኩለህ ከፍተህ ከሞላኸው ደምስሰህ እንደገና ነው። ሙዚቃና ፒዲኤፍ በእጅ ይሄዳል። ቴሌግራም በቁጥርህ ስትገባ ራሱ ይመጣል፣ ሲክሬት ቻቱ ብቻ አሮጌው ስልክ ላይ ይቀራል። (ይቅር።)

ሲም ላይ የተቀመጡ ስሞች ግን ለብቻ ናቸው። አይፎን ከሲም ያነባል፣ ሲም ላይ አይጽፍም። እስቲ ስንት አሉ ብዬ ከፈትኳቸው።

ምነው ባልከፈትኩ። ሲም ላይ የስም ቦታ የሚለካው በባይት ነው። 14 ባይት ያለው ሲም እንግሊዝኛ ከሆነ 14 ፊደል ይይዛል፤ የኛ አንዱ ፊደል 2 ባይት ይበላል፣ አንድ ባይት ደግሞ ለምልክት ይሄዳል፣ የሚተርፈው 6 ፊደል ነው። ባዶ ቦታውም ይቆጠራል። ቴክስት በላቲን 160፣ በአማርኛ 70 ላይ የሚቆረጠውም በዚሁ ሰበብ ነው። እና ስልኬ ውስጥ «ጋሼ የጀል» አለ፤ ጀልባ ነው፣ አያሻማም። «አባ ገብረ» አለ፤ ከዘጌ እስከ ደሴቶቹ ስንት አባ ገብረ እንዳለ እግዜር ይወቅ። እና «እትዬ የሽ» አለ።

የምን ሽ? የሽሮ? የሽንኩርት? ሽሮ ከሳቸው ገዝቼ አላውቅም። ስማቸው የሺ ቢሆን ኖሮ «ሺ» ብዬ በጻፍኩ፣ እዚያ ላይ ጥንቁቅ ነኝ። የሽመና ሊሆን ይችላል፤ ለእናቴ ነጠላ ያሠራሁባቸው ሴትዮ ነበሩ፣ ግን እሳቸውን «ባልትና» ብዬ መሰለኝ የያዝኳቸው፣ ለምን እንደሆነ አልጠይቅም። ወይስ የሽምግልናዋ? እዚያ ቤት የተቀመጥኩበት ወንበር ሳይቀር ትዝ ይለኛል፣ የባለቤቷ ስም ግን ውልፍት የለም። መቼ እንደመዘገብኩት ልይ ብል ሲም ቀን አይዝም። ስምና ቁጥር፣ በቃ።

እህቴ አሁን «እና?» ብላ ጽፋለች። ሁለቴ አትጠይቅም ያልኩት ውሸት ሆነ። መልስ ልጽፍላት ገብቼ ተመልሼ እትዬ የሽን ከፈትኩ። ልደውል እንዴ? ደውዬስ ምን እላለሁ፣ «እትዬ፣ ይቅርታ፣ እርስዎ የምን ነበሩ?»

እሳቸውስ እኔን በ6 ፊደል ምን ብለው ይዘውኝ ይሆን?